በጠሃ ቤት የተንጠለጠለው የጃፓን ጊታር

ባለፈው ኅዳር ጅማ ካለው ሱቄ ለአንድ ትምህርት ቤት ደብተርና እስክሪብቶ ላደርስ ሰቃ ሄጄ ነበር። ዕቃዬን አስረክቤ ወደ መኪና መሳፈሪያው ስመለስ ሰማዩ ድንገት ጠቆረ። ኅዳር ቡና የሚደርቅበት ወር ነው፤ በእኛ አገር ግን ዝናብ ወር አይቆጥርም። መንገድ ዳር ባለ አንድ ቤት ደጃፍ ላይ ጀንፈል ቡና በሰሌን ላይ ተሰጥቷል። በሩ ተቆልፏል፤ የቤቱ ሰው የለም። የመጀመሪያዎቹ ትልልቅ ጠብታዎች ሲወርዱ መንገደኛው ሁሉ ወደ ቆርቆሮ ክዳን ሥር ሮጠ። እኔም ሮጥኩ።

አንድ ሰው ግን ወደ ቡናው ሮጡ። ወደ ስልሳ ዓመት የተጠጉ፣ ቀጭን፣ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሰው ናቸው። ተንበርክከው ቡናውን በሁለት እጃቸው ወደ መሃል ሰበሰቡ፤ የሰሌኑን ጠርዝ ከየማዕዘኑ አጠፉበት፤ ከዚያ የለበሱትን የላስቲክ ካፖርት አውልቀው አለበሱትና ድንጋይ ፈልገው ጫፍ ጫፉን ተጫኑት። ራሳቸው በሸሚዝ ብቻ ዝናቡ ላይ ቆመው ሳል ያዛቸው። አፈርኩና ወጥቼ አንድ ድንጋይ አቀበልኳቸው።

"ዘመድዎ ናቸው?" አልኳቸው።

"ማን?"

"ባለቡናው።"

"አላውቃቸውም።"

"ታዲያ?"

"የሰው ነዋ!" አሉኝ፣ ሌላ ማብራሪያ ለምን እንዳስፈለገኝ ግራ ገብቷቸው።

ባለቤቲቱ ከገበያ እየሮጡ እስኪመጡ ድረስ ሰውየው ከዚያ አልተነሱም። ከዚያ ካፖርታቸውን አራግፈው ያዙ፤ ሴትየዋ ምርቃቱን ሲያወርዱባቸው "ኤዬ፣ ኤዬ፣ አሚን" እያሉ ወደ ሚኒባሱ ሸሹ።

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እስከ ጅማ ድረስ በሳላቸው መሃል ተጨዋወትን። ስማቸው ጠሃ ነው። ሥራቸው የቡና ጆንያ መስፋት ነው። ሰቃም ሆነ ሊሙ ገነት፣ ጅማም ሆነ ከዚያ ወዲያ፣ ቡና በሚቀሸርበት ቤት ሁሉ እየዞሩ የተቀደደውን ጆንያ ይጥፋሉ፤ የሞላውን አፉን በሲባጎ ይሰፋሉ። በዚህ ሥራ አርባ ዓመት ሊደፍኑ ነው። ሳሉም ከዚያው የመጣ ነው።

"ሐኪሙ የጆንያ ብናኝና የጅማ እርጥበት ተባብረውብሃል፣ ደረቅ አገር ሂድ፣ ካልሄድክ ሳንባህ ሌላ ሁለት ክረምት አይችልም አለኝ" አሉኝ። "ልጄ አዳማ ናት። አንድ ክፍል ቀለም አስቀብታ ትጠብቀኛለች።"

"ታዲያ መቼ ይሄዳሉ?"

"አልሄድም።"

"ለምን?"

"ቤቴ የሰው ዕቃ አለ።"

ከባድ ነገር መሰለኝ፤ የወፍጮ ሞተር ወይም የቤተሰብ ሰነድ። "ምን ዓይነት ዕቃ?" አልኳቸው።

"ጊታር።"

ሳላስበው ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። ትንሽ ቆይተው ግን፣ ስለ ልጁ ውጤት እንደሚናገር አባት ቀና ብለው፣ "ጃፓን ሰራሽ ነው" አሉ። "የድሮው።"

ስለዚህ ጊታር ለመስማት ስል እሁድ ከቅዳሴ መልስ ቤታቸው ሄድኩ። ቤቱ ወደ ጅሬን በሚወጣው መንገድ ላይ ነው፤ ሁለት ክፍል፣ ጠባብ በረንዳ፣ ፊት ለፊቱ አንድ የአቮካዶ ዛፍ። በሩን የከፈቱልኝ ባለቤታቸው እትዬ ዘይቡ ናቸው።

"ባለ ደብተሩ አንተ ነህ? ጣውንቴን ልታይ መጣህ?"

"ጣውንት አለብዎት እንዴ?"

"ምነው የለብኝ! ቀድማኝ የገባች ታላቄ ናት። እኔን በሁለት ምስክር አገቡኝ፣ እሷን በወላሂ። እኔ ሳረጅ እሷ ወጣት እንደሆነች አለች። አንድ ቀን እንኳ ልብስ እጠቢ ተብላ አታውቅም።"

"ሜ፣ እስቲ ዘይቡ፣ ሰውየው ይቀመጥ" አሉ ጠሃ ከውስጥ።

በክፍሉ ጥግ፣ ከጣሪያው ወራጅ ላይ በሁለት ገመድ የተንጠለጠለ አንድ ጆንያ አየሁ። እንደሌላው ጆንያ አራት ማዕዘን አይደለም። በልክ የተሰፋ ነው፤ ከታች ሰፊ፣ መሃሉ ላይ ወገብ ያለው፣ ከላይ ቀጭን አንገት። መሬትም ግድግዳም አይነካውም። ውስጡ ደረቅ የቡና ገለባ ተነስንሶበታል፤ እርጥበት ይመጥጣል። ቡና የሚያኖር ሰው የሚያውቀውን ሁሉ አድርገውለታል።

ወር በገባ በመጀመሪያው ጁምዓ ጠሃ የጆንያውን አንድ ጎን ስፌት ይተረትራሉ፤ በጥጥ ጨርቅ አቧራውን ያነሳሉ፤ በባዶ ጣታቸው ሳይነኩ መልሰው ይሰፉታል። ያን ቀን ጁምዓ ባይሆንም ለእንግዳ ብለው ተረተሩት። ትልቋ መርፌ በእጃቸው ላይ ስትሄድ ዓይን አይከተላትም።

እኔ ስለ ጊታር የማውቀው ነገር የለም። ያም ሆኖ ያየሁት ነገር አፌን አስያዘኝ። ሆዱ መሃሉ ላይ ቀይ ነው፤ ወደ ዳር ዳሩ ሲሄድ እየጠቆረ ይሄዳል፣ ዛፍ ላይ ቆይቶ እንደደረሰ የቡና ፍሬ። በላዩ ላይ አራት ትንንሽ ነጭ ማብሪያ ማጥፊያዎች ተሰልፈዋል። ድምፁን የሚያርገበግብ አንድ ቀጭን ዘንግ አለው፤ ጫፉ ላይ ያለው ነጭ ቁልፍ የሰው ጣት የሞረደው ይመስላል። አንገቱ ከሆዱ በሚገናኝበት በኋላ በኩል አንዲት የብረት ሳህን ተቸንክራለች፤ "ሜድ ኢን ጃፓን" ይላል የተቀረጸባት ጽሑፍ። ከስድስቱ ክር ቀጭኗ የለችም።

"እሷ በራሷ ጊዜ ተበጠሰች" አሉ ጠሃ። "ዘጠና ስምንት ላይ፣ ከቀትር በኋላ፣ አሱር ሶላት ገደማ። ጭው! አለች።"

"'ጣውንቴ ተቆጣች' ብዬ ወደ ውጭ ሮጥኩ" አሉ ዘይቡ።

"ክሯስ?"

ጠሃ ከሳጥን ውስጥ አንድ ፖስታ አወጡ። የተበጠሰችው ክር ተጠቅልላ በውስጡ አለች። "ሲመጣ ሁሉም ነገር ሙሉ ይሁን ብዬ ነው" አሉ።

የሚመጣው ሰው ፍስሐ ይባላል። ጠሃ በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ሳሉ፣ በደርግ ዘመን፣ ሊሙ ውስጥ የቡና ሠራተኞች የኪነት ቡድን ነበራቸው። ፍስሐ የቡና ማጠቢያ ማሽን ጠጋኝ ነው፤ በኪነቱ ደግሞ ጊታር ይመታል። ጠሃ መሣሪያ አይጫወቱም፤ ድምፅ ማጉያ ተሸካሚና ሽቦ ጠቅላይ ነበሩ። ጊታሩን ለፍስሐ ያመጣለት መርከበኛ ወንድሙ ነው፤ ከአንድ የጃፓን ወደብ ገዝቶ በትከሻው አንግቶ ሊሙ ድረስ አመጣለት።

"መጀመሪያ የሰማሁት ለቀማ ባለቀ ቀን ነው" አሉኝ። "ጭነት መኪና ላይ ወጥቶ መታው። ጄኔሬተሩ ይጮሃል፣ ሰው ይጮሃል። ይሄ ነገር ድምፁ ከሁሉ በላይ ወጣ፤ ቀዝቃዛ ውሃ ጥርስህን ሲነካህ ታውቃለህ? እንደዚያ ሽው አለብኝ። ከዚያ እነዚያን ማብሪያዎች አንዷን ጠቅ ሲያደርግ ድምፁ ሌላ ሰው ሆነ። ሌላዋን ጠቅ፣ ሦስተኛ ሰው። አንድ እንጨት ውስጥ ይህን ሁሉ ሰው ያስገቡ ሰዎች ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው አልኩ። ወላሂ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።"

መንግሥት ሲለወጥ የኪነት አባላት እንፈለጋለን ብለው ፈሩ። አንድ ቀን በቀትር ቡና የጫነ መኪና እዚሁ ጅማ፣ በዚህችው የጠሃ ቤት በር ላይ ቆመ፤ ሾፌሩ ሞተሩን አላጠፋም። ፍስሐ ጊታሩን አቅፎ ወረደ።

"'ከዚህ ቤት እንዳይወጣ' አለኝ። 'ማንም እንዳይነካው። ስመጣ እንደሰጠሁህ ላግኘው።' ወላሂ አልኩት። 'የት ነው የምትሄደው?' አልኩት። 'ስደርስ እልክብሃለሁ' ብሎ ተሳፈረ። ይኸው ሰላሳ አራተኛ ዓመት።"

ደብዳቤ አልመጣም። ወንድምየውን የሚያውቅ ሰው አልተገኘም። ጠሃ ከሊሙ የመጣን ሰው ሁሉ ይጠይቃሉ። አንዱ ኬንያ ነው ይላል፤ ሌላው ጋምቤላ ላይ አይቼዋለሁ ይላል። ሞቷል የሚልም አለ።

"ሞቷል ያለኝን ሁሉ 'መቃብሩን አይተሃል?' እለዋለሁ። እስካሁን ያየ የለም።"

በእነዚህ ዓመታት ጠሃ ከዚያ ቤት ውጭ ያደሩት ሁለት ሌሊት ብቻ ነው፤ እናታቸው የሞቱ ጊዜ። ያኔም ዘይቡ እዚህ ነበሩ። ቤቱ ባዶውን ተዘግቶ አያውቅም። ለሥራ ሊሙ ቢሄዱ ማታ ይመለሳሉ፤ መኪና ቢያጡ በእግራቸው ይጀምራሉ። አዳማ ያለ የአጎታቸው ልጅ ጥሩ ሥራ አዘጋጅቶላቸው ነበር፤ ቀረ። ይህን ሁሉ ሲነግሩኝ አላማረሩም። ከሁሉ የከበደውን የነገሩኝ ግን ዘይቡ ናቸው።

"ሀያት ልጃችን ስታገባ ሠርጉ አዳማ ሆነ" አሉ። "ሁለታችንም እንዳንሄድ ቤቱ አለ። 'አንቺ ሂጂ፣ እናት ትቀድማለች' አሉኝ። ኒካሗን በወኪል አሰሩ፤ ወንድማቸውን ልከው። የአንዲት ሴት ልጃቸውን ኒካሕ! ልጅቱ እስከ ዛሬ ትላለች።"

ምን እንደምትል በጆሮዬ ሰማሁ። እዚያው ተቀምጠን ስልኩ ጮኸ፤ ጠሃ ድምፁን ክፍት አደረጉት።

"አባ፣ ሳልዎት እንዴት ነው?"

"አልሐምዱሊላህ።"

"አልሐምዱሊላህ ሳል አይደለም፣ አባ። መቼ ነው የሚመጡት? ክፍሉ ስድስት ወር ባዶውን ከረመ።"

"ኢንሻአላህ።"

"ኢንሻአላህዎን አውቀዋለሁ! ለሠርጌ ያልመጡት ለእንጨት ብለው ነው። አሁን ደግሞ ለእንጨት ብለው ሊሞቱብኝ ነው?"

ጠሃ ስልኩን ለባለቤታቸው ሰጡና ጆንያውን መስፋት ጀመሩ። ስፌቱ ሲያልቅ ግን ወዲያው አልተነሱም። ሁለት ክፍል ባላት በዚያች ቤት ውስጥ የትኛው እንደታሰረና የትኛው ጠባቂ እንደሆነ ለመለየት ያን ጊዜ አቃተኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ልዑልቃል የሚባል ጊታር ተጫዋች ለሠርግ ከአዲስ አበባ መጥቶ ሱቄ ገባ። ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆነው፣ ሲናገር ጣቶቹ ባንኮኒው ላይ የሚጫወቱ ሰው ነው። ባትሪ ገዝቶ ሲያበቃ፣ "እንደው ጋሼ፣ በዚህ ከተማ ከድሮ ኪነት የተረፈ የጃፓን ጊታር ያለው ሰው ያውቃሉ?" አለኝ። በሄደበት ከተማ ሁሉ ባለሱቆችን ይህን ይጠይቃል።

"አዲሱ ጊታር ገበያውን ሞልቶት የለም እንዴ?"

"ሞልቷል። አዲሱ ሁሉንም አሳምሮ ይናገራል፤ ግን ሁሉም የሚናገሩት አንድ ዓይነት ነው። እነዚህ የድሮ ጃፓኖች ርካሽ ነበሩ፣ ለተማሪና ለደሃ ነው የተሠሩት። የሠራቸው ሰው ግን አላሾፈም። አንዱ ይነጫነጫል፣ አንዱ ጉሮሮው ሻካራ ነው፣ ሁለት አንድ ዓይነት አይገኝም። ትዝታ ሲመቱበት የራሱን ነገር የሚያስታውስ ይመስላል።"

ጠሃን ሄጄ አስፈቀድኩ። "ይይ" አሉ። "እጁን ግን ከኋላው ያድርግ።"

ልዑልቃል መምህር ፊት እንደቆመ ተማሪ እጆቹን ከኋላው አቆላልፎ ገባ። ጠሃ ስፌቱን ተረተሩ። ቀዩ ሲገለጥ ሰውየው በረጅሙ ተነፈሰ፤ ትንሽ ልጅ ወደ ሱቅ መስኮት እንደሚጠጋ ተጠጋና ማብሪያዎቹን፣ ዘንጉን፣ የብረት ሳህኗን አንድ በአንድ አየ። "እንዲህ የተጠበቀ አይቼ አላውቅም" አለ። ጠሃ ፊታቸው በራ። ከዚያ ልዑልቃል ጎንበስ ብሎ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ከአንገቱ ጫፍ ወደ ሆዱ ተመለከተ። እንደገና ተመለከተ።

"ጋሼ፣ ክሮቹን ያላሏቸው መቼ ነው?"

"አላልቼ? እንዴት ተደርጎ! እንደሰጠኝ ናቸው" አሉ ጠሃ፣ ምስጋና እንደሚጠብቅ ሰው።

"ከሰጠዎት ቀን ጀምሮ እንደተወጠሩ?"

"አንዲት ጣት አላረፈባቸውም።"

ልዑልቃል ጭንቅላቱን አከከ። "ጋሼ፣ ክር ዝም ብሎ የተቀመጠ አይምሰልዎት። ይጎትታል። ስድስቱ አንድ ላይ የአንድ ጆንያ ቡና ያህል ክብደት፣ ትንሽ ቢያንስ ነው፣ አንገቱን ቀንም ሌትም ይጎትቱታል። ሲጫወቱበት ያዩታል፣ ያስተካክሉታል። ሲያስቀምጡት ደግሞ ያላሉታል። እነዚህ የድሮዎቹ ደግሞ አንገታቸው ውስጥ ያለው ብረት ደካማ ነው። እስቲ ከጎን ይዩት።"

ጠሃ ከጎን አዩት። እኔም አየሁት። ከፊት ሲያዩት ቀጥ ያለ የሚመስለው አንገት እንደ ቀስት ጎብጧል፤ ክሮቹ ከእንጨቱ ርቀው በመሃላቸው ጣት ያሳልፋሉ።

"ይድናል?" አሉ ጠሃ። ድምፃቸው ተለውጧል።

"ቶሎ ከላላ ምናልባት። አዲስ አበባ እንዲህ ያለውን በማሰሪያ ወጥሮ ቀስ በቀስ የሚያቃና ባለሙያ አውቃለሁ። እዚሁ ከቆየ ግን መገጣጠሚያው ይሰነጠቃል። ያኔ አበቃ።" ትንሽ ፈራ ተባ ብሎ ጨመረ። "ለእኔ ቢሰጡኝ ደግሞ ጥሩ ዋጋ—"

"ጣውንቴን ጠያቂ መጣ!" አሉ ዘይቡ።

ጠሃ እጃቸውን አነሱ። "የኔ ያልሆነውን ምኑን ልሽጥልህ፣ ልጄ?"

ልዑልቃል አልተከፋም። የባለሙያውን ስልክ በወረቀት ጽፎ ሰጣቸውና ሄደ። ጠሃ ወረቀቱን ይዘው እንደቆሙ ቀሩ።

"ጆንያ እኔ አውቃለሁ" አሉኝ። "ስልሳ ኪሎ ተሸክሜ መቶ እርምጃ ስሄድ ወገቤ ይከዳኛል። እሱ ሰላሳ አራት ዓመት ተሸከመው። ያሸከምኩት ደግሞ እኔ።"

ከዚያ በኋላ ለአንድ ሳምንት ወደ ሥራ አልወጡም። በስምንተኛው ቀን እትዬ ዘይቡ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ሱቄ መጡ።

"ና ወዲህ። ሰውዬው እህል አልቀምስ አሉ። ጥግ ተቀምጠው እሷን ያያሉ።"

አብሬያቸው ወጣሁ። ጠሃ ጆንያው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ስፌቱ አልተሰፋም፤ የጊታሩ ቀይ ሆድ በቀዳዳው ይታያል።

"ሸኽ ዘንድ ሄጄ ጠየቅኩ" አሉ ዘይቡ ለእኔ፣ ባላቸው ግን እንዲሰሙ ጮክ ብለው። "'ወላሂ ያለ ሰው ከተቸገረ አሥር ሚስኪን አብልቶ ከመሐላው ይወጣል' አሉኝ። ሃይማኖቱ መንገድ ሰጥቷቸዋል፣ እሳቸው ግን በር ይዘጋሉ።"

"እሱን አውቃለሁ" አሉ ጠሃ ቀና ሳይሉ። "የአላህን ነገር አላህ ይምረኛል። የሰው ሐቅ ግን ሰውየው ራሱ ካልማረ ማን ይምርልኛል? ማንም እንዳይነካው አለኝ፤ ከነካሁት ቃሉን አፈረስኩ። ካልነካሁት ደግሞ ዕቃውን ሰበርኩ። በየት ልውጣ?"

እኔ ያነበብኳቸው መጻሕፍት ስለ ታማኝ ሰዎች ብዙ ይናገራሉ፤ ታማኝነቱ ራሱ ወጥመድ ስለሆነበት ሰው የሚናገር ግን አንድም አላስታወስኩም። በልቤ ጌታ ሆይ መንገድ አሳያቸው አልኩ። መንገዱን ያሳዩት ዘይቡ ናቸው።

"ፍስሐ ሦስት ነገር ነው ያለዎት" አሉ ፊት ለፊታቸው ቁጭ ብለው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያሾፉ ሲናገሩ ሰማኋቸው። "ከቤት አይውጣ አለ። አይነካ አለ። እንደሰጠሁህ ላግኘው አለ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ለምንድን ነው ያለው? ለሦስተኛው አይደለም? ሰውየው የፈለገው ጊታሩን ነው። ቤቱን ምን ሊያደርግለት? ፍስሐ ዛሬ እዚህ በር ላይ ቆሞ ይህን አንገት ቢያይ፣ 'ጎሽ ጠሃ፣ አልነካኸውም' ይልዎታል?"

ጠሃን ሳል መጣባቸው፤ አለፈ። "አይልም" አሉ በመጨረሻ። "ይሰድበኛል።"

"እንዴት አድርጎ?"

"አፉ ክፉ ነበር" አሉ፣ ፈገግ ብለውም ታዩኝ። "'አንተ ጆንያ ራስ' ነበር የሚለኝ።"

በሚቀጥለው ጁምዓ ዘይቡ ትልቅ ድስት ጥደው አሥር ሚስኪኖችን በበረንዳው ላይ አበሉ። ጠሃ ውሃ እያፈሰሱ የእያንዳንዱን እጅ አስታጠቡ። ሰዎቹ መርቀው ሲሄዱ ዘይቡ ስልክ ደውለው ከሀያት ጋር ተነጋገሩ፤ ከዚያ በሩን ገርበብ አድርገው ሦስታችን ጥጉ ጋር ተቀመጥን። ጠሃ ጆንያውን ከላይ እስከ ታች ተረተሩት። ሙሉ በሙሉ ሲገለጥ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ገለባው ወለሉ ላይ ፈሰሰ።

"ቢስሚላህ" ብለው በባዶ እጃቸው አነሱት። ጭናቸው ላይ አጋድመው ቀኝ እጃቸውን መቃኛው ላይ አሳረፉ። አልዞረም፤ ዝጓል። ዘይቡ ከልብስ ስፌት መኪናቸው የዘይት ጠርሙሷን አመጡና ጠብ ጠብ አደረጉበት። ጥቂት ጠበቅን። እንደገና ሞከሩ። መቃኛው ጥርስ እንደሚነቀል ጠጠጠ ብሎ ዞረ፤ ወፍራሙ ክር የሚያቃስት ድምፅ አወጣና እየወረደ፣ እየወረደ ሄዶ ጠፋ።

"ቀስ!" አሉ ዘይቡ አፋቸውን ይዘው። "እንዳያማት።"

አምስቱንም አላሉ። ለእያንዳንዱ ክር ይቆማሉ፣ ይተነፍሳሉ። የመጨረሻው ሲለቅ እንጨቱ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ፤ ሦስታችንም ደነገጥን። ጠሃ አንገቱን ከዳር እስከ ዳር በመዳፋቸው ዳበሱት፤ ስንጥቅ አላገኙም። ጉብጠቱ እንዳለ ነው። ቢያንስ የሚጎትተው ነገር ቀርቷል። እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ፤ እሳቸውም አልሐምዱሊላህ አሉ።

ጊታሩን መልሰው አልሰቀሉትም። አልጋው ላይ በጋቢ ጠቅልለው አስተኙት፤ ሰኞ ከዘይቡ ጋር ጠቅልለው አዳማ ይዘውት እንደሚሄዱ፣ ከዚያ ሀያት አዲስ አበባ ባለሙያው ዘንድ እንደምታደርሳቸው ነገሩኝ። እኔ ደስ አለኝ፤ ለመነሳትም ተዘጋጀሁ። ጠሃ ግን በረንዳው ላይ አስቀመጡኝና እሳቸው ቆመው ቀሩ። ዓይናቸው መንገዱ ላይ ነው።

"ባለ ደብተሩ፣ አንተ ከጅማ የመውጣት ሐሳብ አለህ?"

"የት እሄዳለሁ?"

"ሱቅህም እዚሁ፣ ቤተ ክርስቲያንህም እዚሁ።"

"አዎ።"

"እዚህ ቤት የወንድሜ ልጅ ይገባበታል። ጥሩ ልጅ ነው፤ ፍስሐን ግን አያውቅም። ሰው በሩን ቢያንኳኳ 'የሉም' ብሎ ይዘጋዋል። ፍስሐ ደግሞ የሚያውቀው ይህን በር ብቻ ነው።" ሳላቸውን ዋጡ። "ስልሳ ሁለት ዓመት ይሆነዋል አሁን። ረጅም ነው። ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው፣ የማጠቢያው ማሽን ነው የመታው። ሲሄድ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ሰውን ሲያይ መጀመሪያ ይሰድባል፣ እንዳትቀየመው።"

"እሺ" አልኩ፣ ነገሩ ወዴት እንደሚያመራ ሳይገባኝ።

"ወላሂ በል አልልህም። ወላሂ ያለ ሰው ምን እንደሚሆን አይተሃል። ብቻ በሳምንት አንድ ቀን፣ ቀኑን አንተው ምረጠው፣ መጥተህ እዚህ በረንዳ ላይ ትንሽ ትቀመጥልኛለህ?"